ከእናቴ መጥረጊያ ያመለጠችው ጥድ

እናቴ ንጽሕና ሲበዛባት አፈርን እንኳ ቆሻሻ ነው ትላለች። ከድንበሩ በኬንያ በኩል፣ ሄሉ የሚባል ሰፈር ያለው ግቢያችን በቀን ሁለቴ ስለሚጠረግ ዶሮዎቻችን የሚጭሩት አጥተው ጎረቤት ይውሉ ነበር። እንግዳ ጫማውን የሚያወልቀው ገና አጥሩ በር ላይ ነው። እንግዲህ በዚህ ግቢ ነው ጥድ ይብቀል የተባለው።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ከድንበሩ ማዶ ጥድ ደን አጠገብ ይኖሩ ነበር። እሳቸው እንቢ እያሉ እናቴ ኬንያ ያለ ሰው በማግባቷ አኩርፈው ቤታችንን ረግጠው አያውቁም። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ግን ልባቸው ራራ መሰለኝ፣ በአጎቴ እጅ አንዲት የጥድ ችግኝ ላኩና «ይህች ስትጸድቅ እመጣለሁ» አሉ።

እናቴ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገች፣ ግቢውንም ጠረገች። ችግኟን ሣር ቅጠል የሌለበት መሃል ግቢ ተክላ፣ ከፍየል በረት ያመጣችውን ትኩስ ፍግ እስከ አንገቷ ሞላችባት። ችግኟ ቢጫ ሆና ሞተች። አያቴ የላኩት ሁለተኛዋም እንዲሁ።

አያቴ ይህን ሲሰሙ ሦስተኛዋን ከአንድ ጆንያ አፈር ጋር ላኩ። «ከእናት ዛፏ ግርጌ የተዛቀ ነው፤ ያለሱ አትኖርም» ብለዋል። ኬላው ላይ የኬንያው ፖሊስ ጆንያውን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«ሱካሪ?» አለ። ስኳር ነው ወይ ማለቱ ነው፤ በዚያ ድንበር በድብቅ የሚሻገረው ስኳር ነበርና።

«ኡዶንጎ» አለ አጎቴ፤ አፈር ነው።

ፖሊሱ ሳቀ። አፈር የሚያሻግር ሰው በዚያ ድንበር ታይቶ አይታወቅማ! እጁን እስከ ክርኑ ከተተ፣ በረበረ፣ በመጨረሻም ጣቱን ላሰ። አጎቴ «አፈር መሆኑን ሲያውቅ ከእኔ በላይ አዘነ» እያለ ዛሬም ይስቃል።

እናቴ ጆንያውን ስትፈታ የበሰበሰ ቅጠል ሸተታት፣ በአፈሩም ውስጥ እንደ ጥጥ ፈትል የቀጠነ ነጭ ክር አየች።

«ሻግቷል! አባቴ የሻገተ አፈር ላኩብኝ!»

የሻገተ ማሽላ እንደሚደረገው አደረገችው፤ ሰሌን ላይ ዘርግታ በፀሐይ አደረቀችው፣ ከዚያ በወንፊት ነፋችው። ወንፊቱ ያስቀረውን ጓልና ሥር ከአጥሩ ውጭ እሾህ ቁጥቋጦ ስር ደፋችው። ያ ክር ለዛፉ ሥር ውኃ የሚያቀብል ሻጋታ መሆኑን እኔ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእኛን ድር ግን እናቴ አሰጣችው። ሦስተኛዋም ችግኝ እንደ ዱቄት በላመው አፈር ውስጥ ሞተች።

እናቴ ጥድ የሚባል ነገር አታንሱብኝ አለች። አባቷ አይመጡም ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር፤ መጥረጊያዋን ይዛ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ ዶሮ ስታባርር ከቁጥቋጦው ስር አንዲት ጥድ በቅላ አገኘች። ወንፊቱ አስቀርቶት ከጓሉ ጋር የተደፋ ፍሬ ነበር የበቀለው። ወዲያው መጥረቢያ አምጥታ ቁጥቋጦውን ልትቆርጥ፣ ዙሪያውንም ልትጠርግላት ተነሳች። እኔ መጥረቢያው ላይ ቁጭ አልሁ። ብትቆጣም አልተነሳሁም፤ ያቺን ጥድ ከእሾህ ይልቅ የምፈራላት ከእናቴ ነበር።

የጥዷ ቁመት ጉልበት ሲደርስ አያቴ መጡ።

«አባዬ፣ ግቢ ውስጥ እንኳ አይደለችም» አለች እናቴ አፍራ።

አያቴ ጎንበስ ብለው እሾሁን በዱላቸው ገለጥ አደረጉ።

«እኔ የላክኋቸው ሁሉ ሞቱ። ሳልልካት የመጣችው ጸደቀች» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው እናቴን አዩ። «እንዳንቺ።»

ጭቃ በጫማቸው ይዘው ወደ ቤት ገቡ። እናቴ ያውልቁ አላለችም።