የአገር ቤት ሰዓት የሚቆጥረው ኮምፒውተር

ይህን የምጽፈው፣ የሆነው ነገር በሆነበት ቅደም ተከተል ቢያንስ አንድ ቦታ ሰፍሮ እንዲገኝ ነው።

ናይሮቢ በምንማርበት ዩኒቨርሲቲ፣ እኔና አንድ የአገሬ ልጅ ለመመረቂያችን በአራት ኮምፒውተሮች መካከል መልእክት የሚያመላልስ ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ችግራችን ቅደም ተከተሉ ነበር፤ ለአንዱ ኮምፒውተር ቀድሞ የደረሰው ለሌላው ይዘገያል፤ መልሱ ከጥያቄው በፊት የሚደርስበትም ጊዜ አለ። በየኮምፒውተሩ ሰዓት መዳኘት አይቻልም፤ አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል። ይህን አጥብቆ ያስረዳኝ እሱ ነበር።

የራሱን ኮምፒውተር ግን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶ በአገር ቤት አቆጣጠር ሞልቶት ነበር። ስስቅበት፣ «ማታቱ ታክሲ ውስጥ ኬንያዊ ነኝ፤ ቤቴ ስገባ ግን ተወኝ» ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ ኢስትሊ ባለው ክፍሌ ሳለሁ መፍትሔው ተገለጠልኝ፦ እያንዳንዱ መልእክት ከእሱ አስቀድሞ የተነበቡትን ቆጥሮ ይያዝ፤ ከነዚያ ያልደረሰው ካለ ተቀባዩ እስኪደርሰው ይጠብቅ። አሥራ አንድ ገጽ ጽፌ ስጨርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ በናይሮቢ አቆጣጠር የሚሄደው ኮምፒውተሬ 10:00 ብሎ መዘገበ። በፍሎፒ ዲስክ ገልብጬ ሳውዝ ሲ የሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤቱ ወሰድኩለት። አንብቦ ሲጨርስ አቅፎ ሳመኝ፤ ከዚያም በራሱ አገላለጽ እንደ አዲስ ጻፈው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ የእሱ ኮምፒውተር 7:00 ብሎ መዘገበ።

ዩኒቨርሲቲው ለአንድ ተመራቂ ብቻ የምርምር ቦታ ነበረው። መፍትሔውን ያገኘው እንደሚወስደው ሲነገረን፣ ጓደኛዬ ሐሳቡ የራሱ እንደሆነ አመለከተ። መምህራችን ሁለታችንን ጠርተው ፋይሎቹን ጎን ለጎን ከፈቱ፤ የእኔው 10:00፣ የእሱ 7:00 ይላል። የስድስቱን ሰዓት ነገር አስረዳኋቸው። ወደ እሱ ዞረው የኮምፒውተሩ ሰዓት ትክክል እንደሆነ ጠየቁት።

«ትክክል ነው» አለ፣ ሳያየኝ።

ኮምፒውተሩ እንዲታይ ለመንኩ። በማግስቱ አመጣው፤ በናይሮቢ ሰዓት ይሄድ ነበር። አስተካክሎታል። መምህራችንም ቀድሞ ለተመዘገበው ፈረዱ።

ኮሪደሩ ላይ ለምን እንዳደረገው ጠየቅሁት። ለመመለስ ጊዜ አልወሰደበትም።

«አንተ ጭንቅላት አለህ፤ ሌላ ታገኛለህ፣ ወንድሜ።»

ያጣሁት፦ አንድ የምርምር ቦታ፣ አሥራ አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ አንድ የአራት ዓመት ጓደኛ።