ጎንበስ ካለ ሰው ፊት ያለፈችው ሌቲ

ባሕሩ ቤታችን የገባበት ዓመት ጸደይ፣ ከሁሉ የማይረሳው ሽታው ነው። በጥር መጨረሻ ጎርፉ በእንግሊዝ አገር ያለችውን የሼፒን ደሴት ዝቅተኛውን ወገን ሳይታሰብ ዋጠው። ውሃው ሲሄድ ጨውና ጭቃው እቤት ቀረ። እስከ ሚያዝያ ድረስ ዳቦው ጨው ጨው ይላል፣ ትራሱ ጨው ጨው ይላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ባለ አበባ ወረቀት እንደ ተገሸለጠ ቆዳ ተንጠልጥሎ ከርሟል። በየቦዩ የቀረው የበግ ሬሳ አብጦ ይፈነዳል፤ የሚቀብረው ጠፋ። ሰዉም ተለወጠ። ባሕርን መምታት አይቻልምና እርስ በርስ ተመታታን። አንድ ባልዲ ጠፋ ተብሎ አፍንጫ ይሰበራል፤ ደጅ ጠረግህ፣ ጭቃህን ወደኔ ገፋህ ተብሎ በአካፋ ይተላለቃሉ። ቀድሞ ድምፁ የማይሰማው ሰው እንኳ ያን ጸደይ በቡጢ ይናገር ነበር።

ሌቲ ጉድሂው ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ በጎርፉ ሰምጠው ሞተዋል፤ ሬሳቸውን ከአጥር ሽቦ ያላቀቀችው እሷ ናት። በየካቲት ሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ቀበረቻቸው። ትሠራበት የነበረው የልብስ ማጠቢያ ቤትም ማሽኖቹ ዝገው ተዘጋ። አክስቷ በባቡር ከሚደረስባት ከግሬቭዘንድ ከተማ ደብዳቤ ላኩ፦ አንድ ደህና ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ሰኞ እንድትመጣ፣ ካልመጣች ለሌላ ይሰጣል። ሌቲ ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። የእናቷ መቃብር ገና ሣር አላበቀለም፤ ጥላ መሄድ አልሆነላትም።

በደሴቱ ላይ የቀረ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የወንዶች ነው። ጎርፉ ዋርደን የሚባለውን የጭቃ ገደል በየቦታው ስለናደው፣ ከጥንት ጀምሮ ውስጡ የተቀበረው የሻርክ ጥርስ፣ ድንጋይ ሆኖ፣ ጠቁሮ፣ ባሕሩ ዳር ፈሰሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከለንደን የሚመጡ ሰብሳቢዎች ይገዙታል። የሚለቅሙት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው ሽማግሌው ኤሞስ ሬይት የሌቲ ጎረቤት ነበሩ። ሌቲ ሄዳ በራቸውን አንኳኳች፤ የአክስቷን ደብዳቤ ነገር እንደ ሰፈሩ ሁሉ ሰምተዋል።

«አጎቴ ኤሞስ፣ ይውሰዱኝ።»

«ወዴት?»

«ጥርስ ለቀማ።»

ሽማግሌው ፒፓቸውን ከአፋቸው ሳያወጡ አዩዋት። «ቀሚስ ለባሽ ወደ ገደሉ አውርጄ አላውቅም።»

«የአባቴን ሱሪ እለብሳለሁ።»

«ሱሪው ዓይን የለውም» አሉ። ቆየት ብለው ግን፣ «ቅዳሜ ጠዋት። አንድ ቀን ብቻ። ዓይን ካለሽ ለሌሎቹ ራሴ እነግርልሻለሁ፣ ትቀሪያለሽ። ከሌለሽ ሰኞ ባቡርሽን ተሳፈሪ» አሏት።

ቅዳሜ ጠዋት ባሕሩ ርቆ ሸሽቶ ነበር። ነፋሱ ፊት ይገርፋል። ሌቲ የአባቷን ሱሪ በገመድ ታጥቃ፣ በአንድ እጇ የሻይ ቆርቆሮ ይዛ፣ ከሽማግሌው ጎን ትራመዳለች። ጭቃው ጫማዋን በየእርምጃው ይስባል።

«ፀሐይን ከፊትሽ አድርጊ» ይሏታል ኤሞስ። «ያን ጊዜ ጥርሱ ራሱ ያበራልሻል። ገደሉን በፍጹም አትቆፍሪ፤ ይበላሻል። ባሕሩ የሰጠሽን ብቻ አንሺ።»

«ምን ይመስላል?»

«ጥርሱን አትፈልጊ። ጠጠር ያልሆነውን ነገር ፈልጊ።»

አንድ ሰዓት ያህል ምንም አላየችም። ነሐስ የሚመስል ጠጠር፣ ቀንድ አውጣ፣ የተሰበረ ሳህን፣ ጎርፉ ነቅሎ ያመጣው የሰው ቤት በር። ከዚያ ድንገት፣ እንደ መርፌ የቀጠነች አንዲት ጥቁር ነገር ጠጠሩ መካከል ተሰክታ አየች። አነሳቻት። ጫፏ ጣቷን ወጋት፤ ደም ወጣ።

«ከሞተ ስንት ሺህ ዘመኑ፣ አሁንም ይነክሳል» አሉ ሽማግሌው ሳቅ ብለው። «በይ፣ ዓይን አለሽ።»

ሌቲ ከዚያ ወዲያ እግሯ መሬት አልነካም። አራት ለቀመች፣ ስድስት ለቀመች። ሽማግሌው ወደ ኋላ ቀሩ፣ እሷ ቀደመች።

ኤሞስ ሁሉን ነግረዋት አንድ ነገር ሳይነግሯት ቀርተዋል። ክፋት አልነበረም። በእኛ ባሕር ዳር ጎንበስ ብሎ ከሚለቅም ሰው ፊት አይታለፍም። ከፊቱ ያለው መሬት ባሕሩ እስኪመለስ ድረስ የሱ ነው። የመጣ ሰው ከኋላው ሰላም ብሎ፣ እዚያው ከኋላው ይለቅማል። ይህን ወንዶቹ ገና ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ኋላ ሲሄዱ ስለሚለምዱት፣ ማንም ለማንም በቃል ነግሮ አያውቅም። ሌቲን በልጅነቷ ከኋላው ያስከተላት አልነበረም።

ከለቃሚዎቹ አንዱ፣ ናት ቢቺንግ የሚባለው፣ ጎንበስ ብሎ ነበር። አርባ ዓመት የሞላው፣ አንገተ ወፍራም ሰው ነው። ጎርፉ ጀልባውን ሰባብሮ ሁለት ውሾቹን ወስዶበታል። ሌቲ አልፋው ሄደች። ስድስት እርምጃ ያህል ከፊቱ አንድ ጥርስ ተኝቷል፤ እንደ ሌሎቹ መርፌ አይደለም፤ የአውራ ጣት ያህል ሰፊ፣ ሥሩ ሳይሰበር ሙሉ የሆነ። በዚያ ዓመት ማንም እንዲህ ያለ አላገኘም። ሌቲ ተንበርክካ በቀኝ እጇ አነሳችው፤ ግራ እጇ ጠጠሩ ላይ ተደግፏል።

የመጣውን አላየችም። ቢቺንግ ጠጠር የሚጭርበትን ቆልማማ ብረት በሙሉ ጉልበቱ ግራ እጇ ላይ አሳረፈው። ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቿ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲሉ ተሰማ።

«ጣይው» አላት።

ሌቲ መጮህ እንኳ አልቻለችም። ጥርሱን ግን አልጣለችም፤ ሱሪዋ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ብረቱን ሁለተኛ ሲያነሳ ኤሞስ ደረሱ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ከዘራቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው አፉ ላይ አሳረፉበት። የቢቺንግ ከንፈር ተተረተረ፤ ደም ከጥርስ ጋር ተፋ።

«ያንን ደግሞ ልቀመው» አሉት ኤሞስ እያለከለኩ። «የአሣ ግን አይደለም።»

ቢቺንግ አንገታቸውን አነቀ። እየጎተተ ከገደሉ ሥር ወስዶ ከጭቃው ግድግዳ ጋር ያላትማቸው ጀመር፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሽማግሌው ጎድናቸው ሲሰበር እንደ በሬ አጓሩ። ሌቲ በደህና እጇ ድንጋይ እያነሳች የቢቺንግን ጀርባ ትወግራለች። አንዱ ድንጋይ ጆሮውን ቀደደው። ዞረና «ቀጥሎ አንቺ ነሽ» አላት፤ ሽማግሌውንም ወደ ጎን ወረወራቸው።

ወደ እሷ አንድ እርምጃ እንደተራመደ ገደሉ ተናገረ። ትልቅ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን ድምፅ የመሰለ ነገር ነው። ጭቃው ከላይ ተላቆ፣ ሣሩንና ቁጥቋጦውን እንደተሸከመ፣ ወርዶ ቢቺንግን እስከ ወገቡ ቀበረው። ከዚያ ጸጥ አለ።

ሌቲ ሽማግሌውን ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ኤሞስ ወደ ባሕሩ አዩ። ነጭ አረፋው መመለስ ጀምሯል።

«ተነሺ፣ እንሂድ» አሉ።

«እሱስ?»

«እሱን ባሕሩ ያውቃል።»

ቢቺንግ በክንዱ ጭቃውን እየደበደበ ይሳደባል። እናቷን ሰደበ፣ የእናቷን ሬሳ ሰደበ፣ የኤሞስን ዘር በሙሉ ሰደበ። እርዱኝ የሚል ቃል ግን አልወጣውም።

«አጎቴ፣ ይሰምጣል።»

«ስሚኝ ልጄ። ጎድኔን የሰበርኩት ባንቺ ነው። ይህን ውሻ ካወጣሽው፣ ለሌሎቹ ቃል አልናገርልሽም። ሰኞ ባቡሩ ላይ ነሽ።»

ሌቲ ነገሩ ገብቷታል። ደሴቱ ላይ ሊያስቀራት የሚችል ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ግን የሰመጠ ሰው ፊት አይታለች፤ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ ሲገባ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ተነስታ ጎርፉ ያመጣውን ያንን የቤት በር እየጎተተች ወደ ጭቃው ሄደች። ኤሞስ ጎድናቸውን ይዘው፣ በከዘራቸው እየተደገፉ፣ ወደ ሰፈር መንገድ ጀመሩ። አልዞሩም።

ያ ጭቃ በጉልበት አይለቅም። ሲስቡት ይበልጥ ያንቃል። ውሃ ነው የሚያላቅቀው፤ እግሩ ሥር ውሃ እያፈሰሱ፣ ሰውየው እያወዛወዘ፣ ቀስ ብሎ። ሌቲ በሩን ጭቃው ላይ ዘርግታ በሆዷ ተኛችበት። በሻይ ቆርቆሮዋ ትቆፍራለች፣ በቆርቆሮዋ ውሃ ቀድታ ታፈስሳለች። የለቀመቻቸው ስድስት ጥርሶች የት እንደወደቁ አላየችም።

«እግርህን አወዛውዝ።»

«ሂጂ ከዚህ።»

«አወዛውዝ አልኩህ፣ አንተ ደደብ።»

ባሕሩ ደረሰ። መጀመሪያ ሆዱን፣ ከዚያ ደረቱን። ሰውየው ውሃው አንገቱ ጋ ሲደርስ አበደ። ፀጉሯን ጨብጦ እሷን ወደታች ገፍቶ ሊወጣ ሞከረ። ሌቲ ውሃ ውስጥ ገባች፤ ጨውና ጭቃ ዋጠች። አንጓውን ነከሰችው፤ ደሙ አፏ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ነከሰችው። ሲለቃት ቀና ብላ ፊቱን መታችው። የመታችው ግን በተሰበረው እጇ ነበርና ከሱ ይልቅ እሷ ጮኸች። ያን ጩኸት ሰምቶ ይሁን ምን ይሁን፣ ቢቺንግ ዝም አለ። እንዳለችው አወዛወዘ። አንዱ እግሩ ጫማውን ትቶ ወጣ። ሁለተኛው ሲወጣ ማዕበሉ ሁለቱንም ከበሩ ጋር አንስቶ ደረቁ ላይ ወረወራቸው።

ባዶ እግሩን፣ ሱሪው ወልቆ፣ እየተንቀጠቀጠ ተኛ። ሌቲ ከአጠገቡ ተቀምጣ አስመለሳት። ከዚያ ትልቁን ጥርስ ከኪሷ አውጥታ ከፊቱ አኖረችው።

«ምንድነው?»

«በዚህ ምክንያት ነው የመታኸኝ። የሚያስመታ ነገር ከሆነ ያንተ ነው ማለት ነው።»

ቢቺንግ ቀና ብሎ አያት። «ጎንበስ ካለ ሰው ፊት አይታለፍም። ማንም አልነገረሽም?»

«ማንም።»

ጥርሱን አነሳው። ባሕሩ ውስጥ አጠበው፣ ወደ ፀሐይ ይዞ አገላብጦ አየው። መልሶ ይሰጣታል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ቢቺንግን አያውቀውም፤ ጨብጦ ያዘው። ተነስቶ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ሳይዞር ተናገረ።

«ማክሰኞ ባሕሩ በቀትር ይሸሻል። ከኋላዬ፣ አሥር እርምጃ ርቀሽ። አፍሽን ዘግተሽ።»

ሰኞ ባቡሩ ያለ ሌቲ ሄደ። ማክሰኞ በቀትር፣ እጇ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አሥር እርምጃ ርቃ ስትሄድ ሌሎቹ ለቃሚዎች አዩአት። ከቢቺንግ ኋላ ያለን ሰው ሂድ የሚል ደፋር አልነበረም። አንዱ ብቻ «አዲስ ውሻ አገኘህ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ቢቺንግ በያዘው ብረት ጉልበቱን አለው። የዚያ ሰው ቀልድ በዚያ አበቃ።

ይቅርታ የሚባል ቃል ግን አላወጣም። አሥራ አንድ ዓመት ከኋላው ስትሄድ ስለ ጣቶቿ አንድ ቀን አልጠየቃትም። ሁለት ጊዜ ሰክሮ ደጃፏ ላይ ከሌላ ሰው ጋር ተፈነካክቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ግንባሩን የሰፋችው እሷ ናት። በኋላ ሳንባው ገደለው፤ ከዚያ ሌቲ ከፊት ሄደች።

ኤሞስ ሬይት ከዚያች ቅዳሜ በኋላ አላናገሯትም። በአንድ ግድግዳ ተከፍለው ነበር የሚኖሩት፤ ሳላቸውን ትሰማለች። እሑድ እሑድ ሾርባ ሠርታ ደጃፋቸው ላይ ታስቀምጣለች። ሾርባውን ይበላሉ፤ ሳህኑን አጥበው፣ አድርቀው፣ ደጃፏ ላይ ይመልሳሉ። ቃል ግን የለም። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖረው ሞቱ። ሌቲ በሕይወቷ ከገጠማት ሁሉ ይበልጥ የሚቆጫት የሳቸው ዝምታ እንደሆነ ትናገር ነበር። ያ ቀን ተመልሶ ቢሰጣት ሌላ ታደርግ እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቋት ግን፣ «አላደርግም» ትላለች፤ ወዲያው።

ሁለቱ ጣቶቿ ቀጥ ብለው አልዳኑም። አላገባችም። ጉልበቷ እስኪያስቸግራት ድረስ ዋርደን ገደል ሥር ለቀመች፤ ከዚያ ወዲያ ባሕሩን ከመስኮት ታየው ነበር።

የመጨረሻ ወሬዋ የተሰማው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 ነው። ፌቨርሻም ከተማ፣ ቀድሞ አግብታ ከደሴቱ የወጣች እህቷ ልጅ ቤት፣ ምድር ቤት ባለችው የኋላ ክፍል ውስጥ ትኖር ነበር።