ጎሚስታው ሲተረጉም

ጎሚስታው ስንት ጎማ እጁ ላይ ፈንድቶበታል። አንዴ የከባድ መኪና ጎማ ፈንድቶ ከግድግዳ ጋር ቢያላትመው፣ ተነስቶ አቧራውን አራግፎ፣ ቀሪ ሻዩን የጨለጠ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የገዛ ልጁ፣ በገዛ ሳሎኑ፣ በጠራራ ፀሐይ ክው ታደርገዋለች ብሎ ማን ያስባል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ይዘጋና እጁን በሳሙናና በአሸዋ ፈትጎ ከልጆቹ ጋር ፊልም ያያል። ፊልሙን በፍላሽ የሚጭንለትን ሰውዬ "የቤተሰብ ነው? ማልልኝ!" ብሎ ያስምለዋል፤ መሐላ ክልክል መሆኑን ለዚያች ደቂቃ ይረሳዋል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው። እሱ በወጣትነቱ መርከብ ላይ ሠርቶ ቋንቋውን ለምዶታል፤ ልጆቹ ግን አይሰሙም። ስለዚህ ሶፋው መሃል ይቀመጥና ትልቋን በቀኝ፣ ትንሹን በግራ አድርጎ እየተከተለ ይተረጉምላቸዋል። ሲያልቅ ሦስት ጥያቄ ይጠይቃል፦ ማን በደለ? ማን ይቅር አለ? ጌታ እዚያ ቢኖር ምን ይል ነበር? ትንሹ ለሁለተኛው ጥያቄ ሁልጊዜ "ውሻው" ብሎ ይመልሳል፤ ውሻ የሌለበት ፊልም ቢሆንም። ከዚያ ጸሎት ይሆናል።

መቼም ያለ ዐመል ሰው የለም። የእሱ ዐመል ማሳመር ነው። በጓሮ በር የገባው ሌባ በእሱ ትርጉም ዕቃ ረስቶ የተመለሰ ጎረቤት ይሆናል። ሰክሮ የሚንገዳገደው አጎት ጉንፋን ይዞታል። ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች "ተው አንተ ሰውዬ፣ ውሎ አድሮ ታፍርበታለህ" ትለዋለች። እሱ ግን የልጆቼን ልብ ከክፉ መጠበቄ ነው ይላል፤ ደግሞ ከልቡ ነው። ውሸት ነው ያለውን ሰው ይጣላው ነበር።

የዚያን ቅዳሜ ፊልም ውስጥ አንድ አባት ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ ልጆቹን አጠገቡ አስቀመጠ። ከእናታቸው ጋር መኖር እንዳቃተው፣ ሌላ ቤት እንደተከራየ ነገራቸው። ጎሚስታው ጉሮሮውን ጠረገና "ለሥራ ራቅ ያለ አገር ልሄድ ነው፣ ጸልዩልኝ እያላቸው ነው" አለ። ልጆቹ ስቅስቅ ብለው ሲያለቅሱ ደግሞ "አባታቸውን ስለሚወዱ ነው" ብሎ ጨመረበት።

ፊልሙ አለቀ፤ ጥያቄው መጣ።

"ማን በደለ?"

"አባትየው" አለች ትልቋ።

"አይ፣ እሱማ ለሥራ…"

"ለሥራ አልሄደም አባዬ። እናታቸውን ትቷት ነው። ሌላ ቤት ተከራይቻለሁ ነው ያላቸው።"

ጎሚስታው ክው አለ።

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም። ትምህርት ቤት እንማር የለ እንዴ? ከአምና ጀምሮ እሰማዋለሁ። ያ አጎትየውም ጉንፋን አልያዘውም።"

ሚስቱ የያዘችውን ካልሲ አፏ ላይ ደፍና ሳቋን አፈነች።

"ከአምና! ታዲያ እስከዛሬ ምነው ዝም አልሽ?"

"ትንሹ ፊት እንዳታፍር ብዬ።"

ይሄ ደግሞ ከመጀመሪያው ባሰ። ልጄን እጠብቃለሁ ሲል ልጁ ስትጠብቀው ከርማለች!

"ዛሬስ ምን ተገኘ?"

"ክፍል አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ አባቷ እንደዚህ ሄዶባታል። በየዕረፍቱ ታለቅሳለች። ምን እንደምላት አላውቅም። ፊልሙ ላይ ሳየው 'ተመስገን፣ ዛሬ አባዬ ይነግረናል' አልኩ። አንተ ግን ለሥራ ነው አልክ።"

ሚስቱ ካልሲውን ከአፏ አወረደች። ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

እስካሁን አንዴ እህቱን፣ አንዴ አባቱን ሲያይ የቆየው ትንሹ ነበር የቀረውን ያፈነዳው።

"አባዬ፣ ቅዱስ መጽሐፉንም እንደ ፊልሙ ነው የምታነብልን?"

"በፍጹም!" ሊል አፉን ከፈተ። ግን ባለፈው ሳምንት ያነበበላቸው ትዝ አለው፦ ድል ከቀናኝ ከቤቴ ቀድሞ ወጥቶ የሚቀበለኝን ለአምላክ እሠዋለሁ ብሎ የተሳለው የጦር አዛዥ ታሪክ። በጎሚስታው ንባብ ከበሩ ቀድሞ የወጣው በግ ነበር። ነጭ፣ የሰባ በግ፤ ትንሹ ስም ሁሉ አውጥቶለታል። አምላኬ ሆይ፣ ቃልህ ውስጥ በግ አስገባሁብህ! አሁን አንድ ቃል ቢዋሽ ልጆቹ ዳግመኛ እንደማያምኑት ገባው፤ ስለ ሰውም ስለ አምላክም ቢነግራቸው።

"አንዳንዱን ለውጫለሁ" አለ። "በጉን እኔ ነኝ ያመጣሁት።"

"ታዲያ ማን ወጣ?" አለ ትንሹ።

"ሴት ልጁ። ያለችው አንድ ልጅ እሷ ነበረች። አባቴ ድል አደረገ ብላ እየጨፈረች ወጣች።"

ትልቋ ፊቷ አመድ መሰለ። "እና… ሠዋት?"

"እንደተሳለው አደረገ ይላል።"

"ጌታ ተው አላለውም?"

ለየፊልሙ መልስ አጥቶ አያውቅም ነበር።

"አላውቅም ልጄ። ባነበብኩት ቁጥር ያስደነግጠኛል። ስለፈራሁት ነው የለወጥኩት። ለጓደኛሽም የሚባለውን አላውቅም። አባቷ በድሏታል፤ ለሥራ ነው አትበያት። ስታለቅስ አጠገቧ ሁኚ።"

ትልቋ ተነስታ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"እንደገና አንብበው። እኔ በጣቴ እከተልሃለሁ።"

አነበበ። ጣቷ ከቃል ወደ ቃል ከሥሩ ትሄዳለች፤ ትንሹም አንገቱን አስግጎ፣ ፊደል በቅጡ ሳይለይ፣ አብሮ ይቆጣጠራል። አዛዡ ድል አድርጎ ተመለሰ። ቤቱ ደረሰ። በሩ ጋ ሲደርስ ልማድ ክፉ ነውና የጎሚስታው ዐይን አንድ መስመር ዘሎ ሊያልፍ ቃጣው። የልጁ ጣት ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ሴት ልጁ ከምትወጣበት ቃል ሥር ቆማ ጠበቀችው።

አነበበው።