ሲወጣ ዝም፣ ሲወርድ ጨዋታ

የሆስፒታላችን አሳንሰር አሮጌ ነው። በሩ በእጅ ካልተገፋ አይዘጋም፤ ስለዚህ ሠራተኛ ይፈልጋል። ሠራተኛውን ሁላችንም «ጋሽ አይዞህ» እንላቸዋለን። ወደ ሕሙማን ክፍል የሚወጣውን ጠያቂ ሁሉ «አይዞህ፣ ይድናሉ»፣ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር አለ» ሳይሉ አያሳልፉም ነበርና።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። አራተኛ ፎቅ ተኝታ ሰነበተች፤ እዚያው አረፈች። ከሐዘናቸው ወደ ሥራ ሲመለሱ ሰውየው ሌላ ሆኑ። ወደ ላይ ሲወጡ አፋቸው ተለጉሞ ይቆማሉ፤ «አይዞህ» የምትባለው ቃል ጠፋች። ወደ ታች ሲወርዱ ግን ጨዋታቸው አያልቅም። ድኖ የሚሄደውን «ይሄ ቤት እንዳይናፍቅህ፤ ከናፈቀህም ከውጭ ሆነህ እየው» ብለው ያስቁታል።

እኔ የምሠራው ምድር ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ሙያዬ አንድ ነገር ያለ ቦታው ሳገኘው «ለምን?» እንድል አስለምዶኛል። ወንድሜ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ፎቅ ላይ ስላረፈ ደግሞ ጥያቄው የሥራ ብቻ አልነበረም። እንዲህ የተሰበረ ሰው በምን ተደግፎ እንደሚቆም ማወቅ ፈለግሁ። እምነታቸው የተጎዳ መሰለኝ፤ ሲወርዱ የሚያወሩትም ከዚያ ፎቅ ስለሚርቁ፣ ስለሚቀልላቸው ነው አልኩ። ሳላጣራ ያመንኩት ግምት ነበር።

አስተዳዳሪያችንም እንደ እኔው ገምታለች። «ስናዋራቸው አይመልሱልንም» የሚሉ ጠያቂዎች ቅሬታ አቅርበዋል። ከቅሬታውም፣ ከርኅራኄም የተነሣ ወደ ንብረት ክፍል ልታዛውራቸው ወሰነች። «አንቺን ይሰሙሻል፤ ቀስ አድርገሽ ንገሪያቸው» አለችኝ።

ነገርኳቸው። አሳንሰሩ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከበርጩማቸው ብድግ አሉ።

«ከዚህ ካነሳችሁኝማ ገደላችሁኝ፣ ልጄ።»

«ለእርስዎው ታስቦ ነው እኮ። በየቀኑ በዚያ ፎቅ ማለፉ...»

«ልጄን ያወረድኳት በዚህ ነው። ሌላ ሰው በሩን እንዲነካው አልፈቀድኩም።»

እዚህ ላይ መተው ነበረብኝ፤ አልተውኩም። «እግዚአብሔርን የተቀየሙት ይመስለኝ ነበር» አልኳቸው።

«ተቀይሜዋለሁ እንጂ። በሩን ዘግቼ ይዣት ስወርድ፣ ‹ስንቱን ሰው አይዞህ ያሰኘኸኝ አንተ፣ ለእኔ ሲሆን የት ገባህ?› አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«ምን ይለኛል? ዝም።» በሩን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት። «ብቻ ሁለተኛውን ፎቅ ስናልፍ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእሱም ልጅ ከመስቀል የወረደው በሰው እጅ ነው። ልጅ ማውረድ ምን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ብቻዬን የሆንኩ አልመሰለኝም። ለቅሶው እንደሆነ አልቀረልኝም፤ ዛሬም አለ። ግን አብሮኝ የሚያለቅስ አለ።»

«ታዲያ ሲወጡ ለምን ዝም ይላሉ?»

«መዳን አለመዳኑ የእሱ ነገር ነው። እኔ በማላውቀው ነገር እሱን ዋስ እየጠራሁ ስንቱን ሸኘሁ! አሁን በሆዴ እጸልይላቸዋለሁ። እየጸለዩ ደግሞ እንደ ሬዲዮ ማውራት አይሆንም» ብለው ፈገግ አሉ። «የሚወርደው ግን ተስፋውን እላይ ጥሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። እሱን ማን ይቀበለው?»

የሰማሁትን ምንም ሳልጨምር ለአስተዳዳሪዋ ነገርኳት። ብዙም አላመነችም። «እስቲ ራሴ ልየው» አለች።

በማግሥቱ ሦስታችን ከላይ ስንወርድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጎልማሳ ገባ። ክንዱ ላይ የሴት ሹራብ ጣል አድርጓል፤ በእጁ ነጠላ ጫማ ይዟል። ጋሽ አይዞህ በርጩማቸውን አቀረቡለት።

«ባለቤትህ ነች?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አሉት፣ ስለ አዲስ ጎረቤት እንደሚጠይቅ ሰው።

ጫማውን አገላብጦ አየው። «ነገረኛ» አለ። «ትናንት እንኳን፣ ሾርባው ጨው የለውም ብላ ከሲስተሯ ጋር...» ሳቁና እንባው አንድ ላይ መጡበት።

«እውነቷን ነው፤ የለውም» አሉ ጋሽ አይዞህ።

ምድር ደረስን። በሩን አልከፈቱም፤ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳርፈው ቆሙ። ውጭ የሚጠብቁት ጠያቂዎች በሩን ይደበድቡ ጀመር። አስተዳዳሪዋ ወደ በሩ ጠጋ ብላ «ትንሽ ታገሡ፤ ሰው አለ» አለች።

ሰውየው ለቅሶው ሲወጣለት ፊቱን በሹራቡ ጠራርጎ ተነሣ። በሩ ተከፈተለት፤ ሄደ። አስተዳዳሪዋ ግን ከአሳንሰሩ ሳትወጣ ቀረች።

«ለንብረት ክፍሉ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለቻቸው።

ጋሽ አይዞህ አልመለሱላትም። ጠያቂዎቹ ገብተው ነበር፤ በሩን ገፍተው ዘጉና ወደ ላይ ወጣን።