አራራይ ያዜመው ጥርስ

ባለቤቴ የፊት ጥርሱን ያጣ የመሰለው ማኅሌት ላይ ቆሞ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ በወረቀት ላይ ግን፣ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስላደረገ፣ እሱ ይበቃዋል።

የቁስቋም መሪጌታ ነበር። የጽጌ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ሽብሸባው ሞቅ ሲል፣ ፊት ለፊቱ የቆመው ግራ ጌታ መቋሚያውን ወደ ላይ ወረወር አደረገና የመቋሚያው የናስ ራስ የባለቤቴን የላይ ፊት ጥርስ አገኘው። ጥርሱ በሰያፍ ተቆረጠ። ባለቤቴ ደሙን በነጠላው ጫፍ አፍኖ የጀመረውን ቃል ጨረሰ፤ ከዚያ ወጥቶ ከወይራው ሥር ተቀመጠ።

ግራ ጌታው ሳላየው ነው ብሎ ማለ። ሰፈሩ ግን አላመነውም፤ ባለቤቴ ከመሪነት ቢወርድ ቦታው የእርሱ ነበርና። «ሸጋ ዓላሚ ነው፤ ለአደን ቢወጣ ይሻለው ነበር» ይሉ ነበር ሴቶቹ ምንጭ ላይ።

የፊት ጥርስ ለሌላው ሰው ለሣቅ ነው፤ ለመሪጌታ ግን እንጀራው ነው። ጥርሱ ከወለቀ ትንፋሹ በክፍተቱ ያመልጣል፤ ዜማው ፉጨት ይሆናል። በቤተ መቅደስ የሚያፏጭ መሪ ደግሞ ማን ይከተላል? ኅዳር ስድስት የቁስቋም ንግሥ ነው፤ ከደባርቅም ከደምቢያም ሰው ይመጣል። ባለቤቴ ያን ዕለት ይመራ ይሆን ወይስ ቆሞ ሌላውን ይሰማ ይሆን? የቤታችን ጭንቀት ይኸው ብቻ ሆነ።

«ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ላስነቅለውና ልገላገል» አለኝ ጉንጩን ይዞ።

«ይገላግልዎታል» አልሁት። «ከጥርሱም ከመሪነቱም።»

ገበያ ላይ የሚነቅለው ሰውዬ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ የሚያምም ጥርስ ይወጣል። ታማሚው በጣቱ ያሳየዋል፣ ሰውዬው በጉጠቱ ያወጣዋል፤ ሙግት የለም። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ሕክምና ይህ ነበር። እኔ ግን ጣሊያን ከወጣ በኋላ ተማሪ ቤት ገብቼ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እማር ነበርና፣ ሆስፒታሉ የጥርስ ሐኪም እንደመጣለት ከመምህራችን ሰምቼ ነበር። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ መጨረሻ ላይ አኩርፌ ወሰድሁት።

ሐኪሙ ከባሕር ማዶ የመጣ ረጅም ሰው ነው። ባለቤቴን ወደ ኋላ በሚተኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ በትንሽ መስተዋት ሲያየው ቆየና እኔንም ጠርቶ አሳየኝ። በስብራቱ መካከል የመርፌ ራስ የምታህል ቀይ ነጥብ አለች። የጥርስ ሥጋ ናት። እስከዚያች ቀን ድረስ ጥርስ ድንጋይ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ድንጋዩ ቤቱ ነው፣ ውስጡ ነዋሪ አለ።

ሐኪሙ በነጥቧ ላይ ነጭ ሊጥ የመሰለ ነገር ለጠፈ፤ ከላዩም በሌላ ነገር ደፈነው።

«ምንድን ነው የለጠፋችሁብኝ?» አለ ባለቤቴ፣ አፉ ነጻ ሲወጣ።

«ኖራ ነው፣ የኔታ» አለው የሚያስተረጉመው ድሬሰር፣ የሐኪሙ ረዳት።

«ኖራ? ግንብ የሚሠራበት ኖራ?»

«የርሱ ዘመድ ነው።»

ባለቤቴ ደስ አለው። «የነገሥታቱ ግንብ እስከ ዛሬ የቆመው በኖራ አይደለም እንዴ? እኔንም እንዲያው ለስኑኝ!»

ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፤ ድሬሰሩ ጥቂት ተረጎመ። ከኖራው ሥር ሥጋው ራሱ አዲስ ግድግዳ ይሠራል፤ በጥርሱ አይነክሱበት፤ ለንግሡ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተመልሰው ይምጡ። እኔ ግን በር አጠገብ ቆሜ፣ ድሬሰሩ የዘለላትን አንዲት የሐኪሙን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ሰማሁ። በሚመለስበት ቀን በቀዝቃዛ ነገር እነካዋለሁ፤ ካመመው ጥርሱ ሕያው ነው፣ ዝም ካለ ሞቷልና ይነቀላል።

ቤት ስንደርስ ነገርሁት። ባለቤቴ አፉን በመዳፉ ደግፎ ሣቀ።

«የሚያምመው ደኅና፣ የማያምመው ሬሳ? አንቺ ሴት፣ እንግሊዝኛሽ ገና ጥርስ አላወጣም።»

እኔም ራሴን ተጠራጠርሁ። በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ስለ ላምና ስለ ድመት እንጂ ስለ ጥርስ አንድም ገጽ አልነበረም። ነገሩን ተውሁት።

የጽጌ ወር በሙሉ ጠያቂ አልተቋረጠም። «እንዴት ሰነበቱ፣ የኔታ? ጥርስዎ ምነው?» ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን።» በእኛ አገር የታመመ ሰው ሲጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። አመመኝ ብሎ መመለስ ፈጣሪን እንደ መክሰስ ይቆጠራል። ባለቤቴ ደግሞ በዚህ ነገር ለአገር ምሳሌ ነበር፤ ጉንጩ ዳቦ አክሎ ሳለ እንኳ ጠያቂዎቹን መርቆ፣ የእነርሱን ጤና ጠይቆ ይሸኛቸው ነበር።

ሰውነቱ ግን አይዋሽም። ውኃ ሲጠጣ ቀዝቃዛው ጥርሱን ከነካው፣ ሳይታወቀው በአፍንጫው ያንጎራጉር ነበር፤ ያውም በአራራይ። ዜማችን ሦስት ዓይነት ነው። ግዕዝ የሚሉት ቁም ነገረኛ ነው፣ እንደ ሽማግሌ ይራመዳል፤ አራራይ ግን አንጀት ይበላል፣ ያለቅሳል። ሌላ ጊዜ ባለቤቴ በቤት ውስጥ አራራይ አይወጣውም። እኔ ይህን ልብ አልሁ።

ንግሡ ሲቃረብ ተመልሰን ሄድን። ሐኪሙ በረዶ የሆነ ጥጥ ይዞ ጥርሱን ነካው። የባለቤቴ የእግር ጣቶች ክፍት ጫማው ውስጥ ሲኮማተሩ አየሁ።

«አመመዎት?» አለ ድሬሰሩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ድሬሰሩ ቃል በቃል ተረጎመው። ሐኪሙ ፊቱ ጠቆረ። ደግሞ ነካው፤ አሁንም «ተመስገን፣ ምን ጎደለኝ!» ነው መልሱ። ሐኪሙ ቀስ ብሎ ጥጡን አስቀመጠና የሚያብለጨልጨውን ጉጠት አነሣ።

ባለቤቴ ጉጠቱን ሲያይ ደነገጠ። በገበያው ሕግ እያሰበ ስለነበር፣ ራሱን የሚያድን መስሎት ጤንነቱን አጸና። «ምንም አላመመኝም በለው! ጭራሽ!» ጉጠቱ ቀረበ። «ከሌሎቹም ጥርሶቼ ይልቅ ደኅና ነው በለው!» ጉጠቱ ይበልጥ ቀረበ። እንዲህ እየተፈራሩ፣ አንዱ ጤና ነኝ ባለ ቁጥር ሌላው ሊነቅል እየተዘጋጀ፣ ከንፈሩ ድረስ ደረሱ።

ከመማሪያ ክፍል ውጭ በሕይወቴ መጀመሪያ የተናገርሁት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ያን ጊዜ ነው የወጣኝ፤ «ባሌ ይዋሻል» የሚል ነበር።

ሐኪሙ ዞረ። ድሬሰሩ አፉን ከፈተ። ባለቤቴ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላል፤ የሚተረጉምለት ጠፋ።

እንግሊዝኛዬ ከዚያ በላይ አልሄደልኝምና ቀሪውን በድሬሰሩ በኩል ተናገርሁ። «አመመዎት ወይ ብላችሁ አትጠይቁት፤ እስከ ምጽአት ድረስ አይነግራችሁም። ዜማ ይጀምር፤ በግዕዝ። ሲያዜም ንኩት። መጀመሪያ ግን በደረቅ ጥጥ ይሁን፤ ጥጥ ነክቶት የደነገጠ እንደሆነ እንድንለየው።»

ድሬሰሩ የቆሎ ተማሪ ነበር መሰለኝ፣ ወዲያው ገብቶት ይስቅ ጀመር። ሐኪሙም ሥራው ሰለቸው ወይ ደስ አለው፣ እንጃ፣ እሺ አለ።

«እዚህ? በጫማ?» አለ ባለቤቴ። ጫማውን አወለቀና ተመልሶ ተጋደመ፤ ዓይኑን ጨፍኖ በግዕዝ ጀመረ። ደረቁ ጥጥ ነካው፤ ዜማው ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ ማዜም ከጀመረ ሰው መሆኑንም ይረሳል። ከዚያ በረዶው ነካው። ያ ሽማግሌ ዜማ መንገድ ላይ ተሰናክሎ አራራይ ውስጥ ወደቀ፤ እዬዬ እያለ ወጣ፣ ተርገበገበ፣ ጣራውን ነካ። ዜማችንን የማያውቀው ሐኪም እንኳ ጥጡን ይዞ ቆሞ ቀረ። ከኮሪደሩ ታማሚዎች መጥተው በሩ ላይ ተሰበሰቡ፤ አንዲት ባልቴት አነባች።

ሐኪሙ ጉጠቱን ወደ ሣጥኑ መለሰ። ድሬሰሩም ያቺን የዘለላትን ዐረፍተ ነገር ለባለቤቴ አሁን ተረጎመለት፤ ሕመም ማለት ሥጋው አለ ማለት ነው፣ ከኖራው ሥር ግድግዳውን እየሠራ ነው። ባለቤቴ እኔን ቀና ብሎ አየኝ። ስለ እንግሊዝኛዬ ምንም አላለም።

«እንግዲያውስ አመመኝ» አለ።

«መቼ?» አለው ድሬሰሩ።

«አሁን። ቅድምም። ይህን ሰሞን ሁሉ።»

ኅዳር ስድስት መራ። ከሴቶቹ መቆሚያ ሆኜ እያንዳንዱን ቃል ተከታተልሁ፤ አንድም ፉጨት አልነበረበትም። ማታ ቤት ገብቶ ሲቀመጥ፣ ጠያቂዎቹም ከሄዱ በኋላ፣ እግሩን ዘረጋና ወደ እኔ ዞረ።

«ጉልበቴን ያምመኛል» አለ። ትንሽ አሰበና «ወገቤንም። በቅሎ የረገጠችኝን ጣቴንም።»

«መቼ ነው በቅሎ የረገጠችዎት?»

«አንቺን ለትዳር ከወንድምሽ ልጠይቅ የመጣሁ ለት። እናንተ ቤት በር ላይ።»

ውኃ ላሞቅለት ተነሣሁ።