ግድግዳው ሥር የተጠለለችው ሴት

ይህ የደረሰብን በደርግ ዘመን፣ ዲላ ውስጥ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን መንገድ ዳር የከባድ መኪና ጎማ ሲነፋ ከሰማሁ መንገድ ቀይሬ እሄዳለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ጎሚስታ ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ እናቴንና እኔን ያኖረን እሱ ነው። አንድ የገበያ ቀን ምሳውን ይዤለት ስሄድ፣ አንድ ሹፌር በጭነት መኪና ትልቅ ጎማ አምጥቶ አገኘሁ። በወርቅ ማውጫ ዋሻ ውስጥ ድንጋይ የሚዝቅ ማሽን ጎማ ነው።

ታደሰ ቀዳዳውን ከደፈነ በኋላ ጎማውን ቸርኬው ላይ የሚይዘውን የብረት ቀለበት እያገላበጠ አየው።

"ይሄንን የዋሻው ውሃ በልቶታል። ሌላ የላችሁም?" አለ።

"ከየት ይምጣ ወንድሜ? ማሽኑ መተላለፊያውን ዘግቶት ሥራው ሁሉ ቆሟል" አለ ሹፌሩ።

ታደሰ ተጠንቅቆ ነው የሠራው። ጎማውን በሰንሰለት አሰረው፤ ቢፈናጠር ሰው እንዳይመታ ቀለበቱን ወደ ግድግዳው አዞረው፤ እኔንና ሹፌሩን ወደ ኋላ አራቀን። ከዚያ መንፋት ጀመረ።

በዚህ መሀል ዝናቡ ወረደ። ከጪጩ ገጠር ለገበያ የመጣች፣ ቆጮ የተሸከመች አንዲት ሴት ዝናቡን ሽሽት ሮጣ ግድግዳው ሥር ገባች። ልክ ቀለበቱ ፊት ለፊት።

"ውጪ! ከዚያ ውጪ!" ብሎ ታደሰ ጮኸ። የኮምፕሬሰሩ ድምፅ ዋጠው፤ አልሰማችውም። ንፋሱን ዘጋ፤ ግን ቀለበቱ መላቀቅ ጀምሮ ነበር። ሮጦ በሁለት እጁ ገፈተራት። እሷ ጭቃው ላይ ወደቀች። ሰንሰለቱ ተበጠሰ፤ ቀለበቱ ወንድሜን መታው።

ሹፌሩ እያለቀሰ ጋቢና ውስጥ አስገባው። ሆስፒታል ሳንደርስ እቅፌ ውስጥ አረፈ።

በሠልስቱ ሴትየዋ ለቅሶ ቤት መጣች። መግባት ፈርታ በሩ ላይ ቆመች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

"ወንድምሽ ገፋችኝ። እሷ ሞተች፣ እኔ ቀረሁ" አለችኝ።

እናቴ ታባርራታለች ብዬ ነበር። እናቴ ግን ከተቀመጠችበት ተነሥታ እጇን ያዘቻት።

"ልጄ የሞተላት ሰው ናት፤ ከጎኔ ትቀመጥ" አለች።

እናቴ እስክትሞት ድረስ ሴትየዋ እንደ ልጇ ሆና ኖረች። አሁንም እየመጣች ትጠይቀኛለች። እህቴ እላታለሁ፤ ከልቤም እወዳታለሁ። ስትሄድ ግን በሩን ዘግቼ፣ "ምናለ ያ ዝናብ ትንሽ ዘግይቶ በወረደ" እላለሁ። ይህን ነግሬያት አላውቅም።