የአስካለ ቤት መተንፈሻ

ባለፈው ሳምንት ታደሰ አናጢውን ይዞ መጣና አዲሱን ቤቱን ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ታደሰ የእህቴ ልጅ ነው፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት፣ ዛሬ ግን እሱም መሸበት ጀምሯል።

«እቴቴ፣ ይኼ ሰው ከኮርኒሱ በላይ ሁለት መተንፈሻ ካልተውኩ ይላል። እኔ የአዳማን አቧራ ፈርቼ ይደፈን እላለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

ዘወር ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ የመታኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

ነገሩ የሆነው ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሁላችንም በሳር ቤት ነበር ያደግነው። የታላቅ እህቴ የአስካለ ባል ባቡር ጣቢያ ይሠራ ስለነበር በሰፈራችን የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ቤት አሠራ። አናጢው ኦቦ ገመዳ የሚባል ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ኮርኒሱን በአቡጀዲ ወጠረና መሐሉ ላይ ቀዳዳ ተወለት። ከዚያ በላይ፣ ቆርቆሮው ሥር፣ ግራና ቀኝ ባሉት ግድግዳዎች እጅ የሚያስገቡ ሁለት መተንፈሻዎች ከፈተ። ቦታቸውን ለመምረጥ ሁለት ቀን ሙሉ አፈር እየበተነ የነፋሱን አቅጣጫ ሲያጠና እኛ እንስቅበት ነበር።

ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ሲል «ሳር ቤት ራሱ ይተነፍሳል» አለን። «ቆርቆሮ ግን አፍ ካልሰጡት አይተነፍስም። አደራ፣ እንዳትደፍኑት።»

አስካለ በሐምሌ ታደሰን ወለደች። ያ ክረምት ነፋሱ የበረታ ነበር፤ በመተንፈሻው እየገባ ያፏጫል፣ አቡጀዲውም እንደተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። እናታችን ደግሞ በአራስ ቤት ንፋስ ገባ ከተባለ ቀልድ አታውቅም።

«ልጄን ብርድ ሊገባባት ነው። ውጪና ድፈኝልኝ» አለችኝ።

የኦቦ ገመዳን አደራ አስታወስኳት።

«እሱ ስንት ጊዜ ወልዶ ያውቃል?» አለች። እኔም ሳቅሁ። በመሰላል ወጥቼ ሁለቱንም በድሪቶ ጠቀጠቅኳቸው፤ በጡጫዬ ሳይቀር እየደቃሁ። አቡጀዲው መንቀሳቀሱን አቆመ። አስካለ ከአልጋዋ ሆና «እሰይ፣ ዝም አለልኝ» ስትል ሰማኋት።

በማግሥቱ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። እናታችን ሕፃኑን ልታጥበው ወደ ማድቤት ወሰደችው። እኔ በማንደጃ ከሰል አቀጣጥዬ ከአስካለ አልጋ አጠገብ አስቀመጥኩላትና ገንፎዋን አቀረብኩላት። ግማሹን በልታ «ራሴን ከበደኝ፣ ልተኛ» አለች። በሩን ዘጋሁ፤ በሥሩ ንፋስ እንዳይገባም በጆንያ ደፈንኩት። በሳር ቤታችን ለወለደች ሁሉ እንዲህ ነበር የምናደርገው፤ ማንም ተጎድቶብን አያውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕፃኑን እንድታጠባው ይዤ ገባሁ። ገንፎው ላይ ያለው ቅቤ ረግቷል። የአስካለ ፊት ቀልቶ ከወትሮው ይልቅ አምሮ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠራኋት።

ለቀስተኛው ሁሉ ብርድ ገባባት አለ። እናታችን በሰው ፊት ወደ እኔ ዞራ «በደንብ አልደፈንሽውም» አለችኝ። እኔም በስንፍናዬ እህቴን እንደገደልኩ አምኜ አለቀስኩ። ኦቦ ገመዳ በሦስተኛው ቀን መጣ። ቀና ብሎ ከግድግዳው የወጣውን የድሪቶ ጫፍ አየ፤ ከዚያ በር ላይ የተጣለውን የከሰል ማንደጃ፣ ከዚያ እኔን። የገደላት ንፋሱ ሳይሆን መውጫ ያጣው የከሰሉ ጢስ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «ዋቃ ያጽናሽ» ብሎኝ ተነሣ። በማግሥቱ ሁለቱም መተንፈሻዎች ተከፍተው አገኘኋቸው። ለማንም አልተናገረም። እናታችንም ንፋሱን እንደረገመች ሞተች።

ከዚያ ወዲህ በተዘጋ ቤት እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። ኮርኒስ ሲንቀሳቀስ የምትተነፍሰው አስካለ ትመስለኛለች፤ ዝም ሲል ደግሞ ተነሥቼ መስኮት እከፍታለሁ። ታደሰ እናቱን ብርድ እንደገደላት እየሰማ አደገ። የነገርኩት እኔ ነኝ።

ውሃዬን ጠጥቼ «ሁለቱንም ይተዋቸው» አልኩት።

ሳቀ። «እቴቴ፣ አንቺ ደግሞ ስንት ቤት ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

አነጋገሩ የእናቴ ነበር። «አልሠራሁም። አንድ ግን ደፍኛለሁ» አልኩትና ከጎኔ እንዲቀመጥ ጠጋ አልኩለት።